ያልተገፈፈው ላስቲክ

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3፡00

ቆጠራ። ከቤተ መጻሕፍት 64 ረጃጅም ፍሎረሰንት፣ ከሴቶች ማደሪያ 31፣ ከዲኑ ቢሮ 2። የዲኑ ሁለቱ በመጋረጃ ጨርቅ ተጠቅልለው መጡ። ተቃጥለውም ማዕረጋቸው አልወረደም።

አጀንዳዬ፣ አንተ ገና አዲስ ስለሆንክ ልንገርህ። አንተንና ማሽኑን ያመጣችሁ አንድ መኪና ነው፤ እሱ ተገዝቶ፣ አንተ በምርቃት። ስለዚህ ዘመዶች ናችሁ። ዘመድህ ይህን ይመስላል፦ በርሜል፣ በርሜሉ ላይ እንደ ቆብ የተደፋ ክዳን፣ ከክዳኑ ጎን አምፖል የሚገባበት ቱቦ፣ ውስጡ የሚሽከረከር ሰንሰለት። አምፖሉ ገብቶ ይደቅቃል፤ ስብርባሪው በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። በአምፖሉ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ግን ተን ሆኖ ያመልጣል። ለዚህ ሲባል አየሩን የሚስብ ሞተር አለ። የተሳበው አየር በከሰል የተሞላ ፊልትሮ ውስጥ አልፎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ሜርኩሪው ከሰሉ ላይ ይቀራል። ቁም ነገሩ ከሰሉ ነው። የቀረው ወፍጮ ነው።

አስቴር "ሙሽሪት" ትለዋለች። ሪባን ተቆርጦለት፣ ተጨብጭቦለት ስለገባ። አስቴር ማሽኑ ላይ የምትሠራው ሴት ናት። እስካለፈው ክረምት የሕንጻ ቁ. 7 ሽንት ቤት አጣቢ ነበረች። ለዚህ ሥራ ያጨኋት እኔ ነኝ፤ የግቢው የደህንነት ኃላፊ፣ የቀድሞ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ሰው፣ የብዙ መጻሕፍት ባለቤት።

ዛሬ ፊልትሮ የሚቀየርበት ቀን ነው። መመሪያው ይህን ያህል አምፖል ሲፈጭ ቀይሩ ይላል፤ ደርሷል። አስቴርን ሻይ ጠጪ ብዬ ልኬ ጓንት አጠለቅኩ።

4፡15

ፊልትሮውን አወጣሁት። ላስቲኩ አለ።

4፡20

እንደገና ልጻፈው፤ ሁለተኛው ላይ ሌላ ነገር ይሆን እንደሆነ። ላስቲኩ አለ። ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ፣ እንደ ከረሜላ እንደተጠቀለለ። ከሰሉ ስድስት ሳምንት ሙሉ አየር አልቀመሰም። ላስቲኩ ከክዳኑ ጎማ ሥር ተጨማዶ ክፍተት ፈጥሯል፤ አየሩ በዚያ በኩል፣ ከሰሉን ሳይነካ፣ ከነሜርኩሪው ወጥቷል። የት? ክፍሉ ውስጥ። ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?

አስቴር።

4፡30

አዲሱን ፊልትሮ አስገባሁ፤ ላስቲኩን ገፍፌ። የድሮውን ላስቲክ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ለምን ኪሴ? አላውቅም። ሰው የሰረቀውን ነው ኪሱ የሚከተው።

ኮቴ። አስቴር መጣች። ሙሽሪት ደኅና አደረች ወይ ብላ ጠየቀች። ደኅና ናት አልኩ።

የመጀመሪያው ውሸት። ለመዝገብ ያህል።

10፡00

ማሽኑን ወደ በረንዳ አስወጣሁት። ክፍሉን ከፍቼ መስኮቱን ሁሉ በርግጄ፣ በሩ ላይ "ጥገና ላይ ነው፤ አይግቡ" ብዬ ለጠፍኩ። ለአስቴር ውጪ ነፋሻ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ማሽኑን አየች፣ ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። ላስቲኩ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የግቢው የአደገኛ ቆሻሻ አወጋገድ ደንብ 19 ገጽ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኃላፊው ራሱ መሳቢያ ውስጥ ስለሚደብቀው ቆሻሻ አንድ መስመር የለውም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ጠዋት

እንዴት እንደሆነ አሁኑኑ መጻፍ አለብኝ። ካልጻፍኩት ቀስ እያለ የሌላ ሰው ጥፋት ይሆናል። ራሴን አውቀዋለሁ።

ከመስቀል ማግሥት ነው። ማሽኑ ከሳጥኑ ወጣ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ዳንኤል ከነኮሚቴው ሊረከብ መጣ። ዳንኤል የሃያ ዓመት ወዳጄ ነው፤ ዕቃ ሲቆጥር ሰው የሚረሳ፣ ሰው ሲቆጥር ዕቃ የማይረሳ። ሁሉም ነገር አዲስ መሆኑ ይታይ፣ ምርቃቱ እስኪያልፍ ምንም አይገፈፍ አለ። ደግሞ ማን ይገፍፋል? አገሩ ላስቲክ ወዳድ ነው። የመኪናችን ወንበር ላስቲኩ ተቀዳዶ እስኪያልቅ አይወልቅም። ሪሞታችን ላስቲክ ለብሶ ይኖራል፤ ቁልፉ ሳይታይ በዳበሳ። እኔ ራሴ በዚህ ልማድ እየቀለድኩ በግቢው መጽሔት ላይ ጽፌ ነበር። ሰው ስቆበታል። ዲኑ ሳይቀሩ።

የዚያን ዕለት ፊልትሮውን በእጄ ቦታው ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አስቴር አጠገቤ ነበረች። "ጋሽ ሰሎሞን፣ ይሄ ላስቲክ አይወልቅም እንዴ?" አለች።

ይቆይ አልኳት። እንግዶቹ አዲስነቱን ይዩት።

እሷም በሳቅ፣ ሙሽራ ከነቬሏ ትግባ ማለትዎ ነው አለች። ስሙ በእርግጥ የወጣው ያኔ ነው፤ ሪባኑ አጸናው።

ከዚያ ምርቃት፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ የዓሣ ምሳ ሐይቁ ዳር። በማግሥቱ ሥራ ተጀመረ። እኔ ቢሮዬ ነበርኩ፤ የማሽኑን መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ። ገጽ 4፣ ተ.ቁ. 2፦ "ከመጠቀምዎ በፊት የፊልትሮውን ላስቲክ ያስወግዱ።" ለዚህች ዓረፍተ ነገር ጥሩ ቃል ፍለጋ ከግማሽ ቀን የማያንስ አሳልፌአለሁ። አንዴም ተነሥቼ እስከ ማሽኑ ያለውን አርባ እርምጃ አልተራመድኩም።

አስቴርስ ለምን አልገፈፈችውም? እኔ ይቆይ ብያለሁ። ይነሣ አላልኩም። ጋሽ ሰሎሞን ያዘዘውን ጋሽ ሰሎሞን ይሽረው።

ሌላም አለ። በሁለተኛው ሳምንት መጥታ ሙሽሪት ትተነፍስብኛለች ብላኛለች። ማስክ አድርጌም ፊቴ ላይ አየር ይመጣል አለች። የአዲስ ዕቃ ጠረን ነው አልኳት። አፌን ሞልቼ። የኬሚስትሪ ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየኝ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። 9፡30

ከአስቴር ጋር በረንዳ ላይ። ነገሩን ልነግራት ወጥቼ ስለ ዝናብ አወራሁ።

እሷ ስለ አፏ አወራች። ጠዋት ስትነሣ አፏ ውስጥ ሳንቲም የያዘች ይመስላታል። ምግብ ብረት ብረት ይላታል። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷት ልጇን አስገቢልኝ ብላለች፤ እርጅና መጣ ብለው ተሳስቀዋል። አርባ አንድ ዓመቷ ነው።

በአንድ አሮጌ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ድሮ ባርኔጣ የሚሠሩ ሰዎች ሜርኩሪ ነክቷቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁጡና ዓይን አፋር ይሆኑ ነበር ይላል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቅ ምን ያህል ርካሽ ነገር እንደሆነ የገባኝ ዛሬ ነው።

ቱታሽን የት ነው የምታጥቢው አልኳት።

"ቤት ነዋ።"

ለብቻው?

ሳቀች። "ሳፋው አንድ፣ ሳሙናው አንድ፣ እኛ አምስት። ለብቻው ምን አስቤ ነው?"

ቤቷ ቡሹሎ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ። ሦስት ልጆች። ትንሹ የእሷን ቱታ ለብሶ መጫወት ይወዳል፤ እጅጌው መሬት ይጠርጋል አለች። አጀንዳዬ፣ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ነበር።

10፡30

ከግምጃ ቤት ሁለት አዲስ ቱታ አወጣሁላት። ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ነው የምትቀይሪው፣ እዚሁ ነው የሚታጠበው፣ አዲስ ደንብ ነው አልኩ። አሮጌውን በፌስታል አሽጌ ወሰድኩባት። ቤት ያለውስ ሳፋ? ቤት ያለውስ የልጁ እጅጌ? ደንቤ እስከዚያ አይደርስም።

እግዚአብሔር ይባርክዎት አለችኝ፤ ሽንት ቤት ሳጥብ ስንት ዓመት ማንም ስለ ልብሴ ጠይቆኝ አያውቅም አለች። ለጥፋቴ መሸፈኛ ያመጣሁት ጨርቅ ደግነት ተብሎ ተመዘገበልኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። ረፋድ

ቤት። ሳሎን። ሶፋው ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ ይዣለሁ፤ አላነብም። ስንቀሳቀስ ሶፋው ይንጫጫል። ከተገዛ አራት ዓመቱ፤ ላስቲኩ አሁንም አለ። ተነሥቼ መግፈፍ ጀመርኩ። በጥርሴም ጭምር።

ሰናይት ከጓዳ ወጣች። ባለቤቴ ቁም ነገርና እብደት የምትለይበት ዝምታ አላት። ትንሽ አየችኝ። አሞሃል ወይ አለች። እንግዳ ሊመጣ ነው ወይ አለች። ሁለቱንም አይደለም አልኩ። እንግዲያው የሪሞቱን ተወው፣ ወጥ ይነካዋል አለች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ልነግራት ፈለግኩ፣ አልነገርኳትም። ሰናይት ቤት ሚስጥር አያድርም፤ አስቴርን ሄጄ ልንገራት ትላለች። ትነግራታለችም።

አጀንዳዬ፣ አንተም ሽፋንህ ላይ ላስቲክ እንዳለብህ አሁን አየሁ። ዛሬ ይበቃኛል። ተወው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። 8፡00

ለአንድ ሰው ነገርኩ። ለማይሆነው። ለዳንኤል፤ ፒያሳ፣ ሁሌ ከምንቀመጥበት ቤት፣ ማኪያቶ አዝዤ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ላስቲኩን፣ አፏን፣ ሳፋውን።

ማኪያቶውን ጨርሶ ጠየቀ። "ማን አየ?"

ማንም።

"እንግዲያው ምን ሆነ?"

አስቴር ላይ እየታየ ነው አልኩ። መመርመር አለባት። ሽንቷ ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ነው የሚታየው፤ ለዚያ ደግሞ ከመ/ቤቱ ደብዳቤ ይፈልጋሉ፤ ምን ነክቷት፣ ለስንት ጊዜ፣ በምን ምክንያት።

ዳንኤል ምክንያት የሚለው ላይ ቆመ። ንብረት ሲያስብ ዓይኑ ይጠባል። ደብዳቤው ይጻፍ፣ ችግር የለም አለ። ትመርመር፣ ትታከም። ግን ኦፕሬተሯ በመመሪያው መሠረት ላስቲኩን ሳታስወግድ በመጠቀሟ ይበል። መመሪያውን ፈርማ ወስዳለች አይደል? ገጽ 4። ቅጣት የለውም፤ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ እሱም ፋይል ውስጥ ይተኛል። እሷ ሕክምናዋን ታገኛለች፣ አንተ ስምህን። ማን ተጎዳ?

መመሪያውን ፈርማ የወሰደችው ላስቲኩ ከተረሳ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስክተረጉም ስትጠብቅ ቆይታ።

ይህን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ማኪያቶዬ ላይ ያለውን አረፋ በማንኪያ ገፋሁት። ዳንኤል ዝምታዬን እንደ ፊርማ ወሰደው፤ እውነቱን ነው፣ ነበር። ሂሳቡን እሱ ከፈለ፤ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "አይዞህ ሶል፣ ሰው ነህ" አለኝ።

እንዲህ ተብዬ ስሰደብ የመጀመሪያዬ ነው።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

የዳንኤል ረቂቅ ደረሰ። በጥሩ ወረቀት፣ በጥሩ ፊደል። "...ኦፕሬተሯ በጥንቃቄ ጉድለት..." ከታች የእኔ ስም፣ ለፊርማ ክፍት ቦታ። እስከ ማክሰኞ ይፈረም ይላል። መሳቢያዬ ውስጥ ከላስቲኩ ጋር አስተኛሁት። ይተዋወቁ።

አስቴር ዛሬ ሁለት አምፖል ከእጇ አምልጦ ተሰበረባት። ሌላ ቀን ትቀልድ ነበር። ዛሬ ጥርሷን ነከሰች። ሥራ ይቁም አልኩ፤ ማሽኑ ጥገና አለው፣ እስከ ሰኞ ዕረፍት ውሰጂ። እሺ አለች። ስትሄድ ለእሁድ ጠራችኝ። ቤተ ክርስቲያናቸው የምስጋና ፕሮግራም አለ፤ እሷ ምስክርነት ትሰጣለች፤ ጌታ ያደረገላትን በጉባኤ ፊት ትናገራለች ማለት ነው። ይምጡ፣ እርስዎም አሉበት አለች።

አሉበት። አለሁበት፣ አዎ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ጠዋት 1፡30

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው በጭስ ታፍኗል። ሰው ሁሉ የጓሮውን ቆሻሻ በየደጁ ከምሮ ለኩሷል፤ በሽታው በጭሱ ይውጣ ነው። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ እንኳ ከዛፍ ወርደው ከቆሻሻው ክምር ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ራሰ በራ ሽማግሌዎች ይመስላሉ፣ ሊፈርዱ የተሰየሙ።

ግቢ ገባሁ። የጥበቃው ጋሽ በቀለ በሩ አጠገብ ትልቅ እሳት አንድደዋል። ቅጠል፣ ካርቶን፣ አሮጌ ፍራሽ። ካርቶኑ መሃል የተቃጠሉ አምፖሎች። ጮህኩ። ሮጬ ገብቼ በእግሬ በተንኩት፤ ጫማዬ ተለበለበ።

ጋሽ በቀለ አዘኑብኝ። ጭሱ በሽታ ያባርራል፣ አባቶቻችን ያደረጉት ነው አሉ። ጋሼ፣ ይህኛው በሽታ ያመጣል አልኩ፤ ሜርኩሪ አለው፣ ሳንባ ይገባል፣ ነርቭ ይጎዳል፣ አይሸትም፣ አይታይም። ሠራተኞች ተሰበሰቡ። ተናገርኩ። በደንብ ተናገርኩ፤ የትንፋሽ ጉዳይ ነው፣ ቸልታ ነው የሚገድለን፣ ሕይወት ከልማድ ትበልጣለች። አንዲት ጸሐፊ በስልኳ ቀረጸችኝ።

ጋሽ በቀለ ዱላቸውን ተደግፈው ሰሙኝ፤ ሲያበቃ፣ "እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር" አሉ። ከልባቸው ነው። እኔም ከልቤ ነው የተናገርኩት፤ ይህ ነው የሚያሳፍረው።

ራስ ሳይጠና ጉተና።

ኅዳር 14፣ እሁድ። 8፡00

ሄድኩ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰፊ አዳራሽ፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ከፍ ብሎ የተከፈተ ኪቦርድ። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ ለዚያውም ለበዓል ብቻ የምታይ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሊያስቀምጡኝ ሲሉ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ የአስቴር ትልቋ ልጅ እጄን ይዛ መለሰችኝ።

አስቴር ነጭ ሻርፕ አድርጋ መድረክ ወጣች። ማይኩን በሁለት እጅ ያዘችው። በሁለት እጅ የያዘችው ለምን እንደሆነ የማውቅ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

በሲዳምኛ ጀመረች። ሰው ይስቃል፣ አሜን ይላል፣ ያጨበጭባል። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ቆም አለች። ፈልጋ አገኘችኝ። ወደ አማርኛ ዞረች።

ሽንት ቤት ከማጠብ አውጥተው ማሽን ላይ ያቆሙኝ እኚህ ሰው ናቸው አለች። ሥራዬን አስተማሩኝ አለች። ጤናዬን ያስባሉ፤ ቱታዬን እንኳ ልጆቼ ዘንድ እንዳልወስድ አደረጉ አለች። "ጋሽ ሰሎሞን የሚደብቁኝ ነገር የለም" አለች። "እባክዎ ይነሡ።"

ተነሣሁ። ሃሌ ሉያ። ጭብጨባ። ፓስተሩ ለወንድማችን እንጸልይ አለ፤ ሰዎች በሙሉ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። መቶ ምናምን መዳፍ። ዓይኔን የት ላድርግ? ወለሉን አየሁ፤ ሲሚንቶ፣ አንድ የረገፈ አዝራር። አዝራሩን እስከ አሜን ድረስ አየሁት።

ሲያበቃ ትንሹ ልጅ መጥቶ ጨበጠኝ፤ ያ የረጅሙ እጅጌ ባለቤት። እጁ ትኩስ ነበር።

ቡሹሎ ድረስ ምሳ ጋበዙኝ። ሆዴን አሞኛል ብዬ በባጃጅ ሸሸሁ። ዛሬ የተናገርኳት ብቸኛ እውነት እሷ ናት።

ኅዳር 15፣ ሰኞ። 3፡40

አጀንዳዬ፣ በረጋ እጅ ልጽፍልህ እሞክራለሁ።

ቀድማኝ መጥታለች። በረንዳው ላይ ማሽኑን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። አስቴር፣ የምነግርሽ አለ፣ ቁጭ በይ አልኳት። አልተቀመጠችም። ጨርቁን አጠፈችው።

"የላስቲኩን ነው?"

ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ሆንኩ።

በየጠዋቱ ስትወለውል የላስቲኩ ጫፍ ከክዳኑ ሥር ብቅ ይል ነበር፤ በጣቷ ወደ ውስጥ የምትመልሰው እሷ ናት። እንግዳ ሲመጣ እንዳያስቀይም። ካለፈው በፊት በነበረው ማክሰኞ ከሻይ ስትመለስ ጫፉ የለም። ወዲያው ማሽኑ ውጪ ወጣ። ወዲያው ክፍሉ ተዘጋ። ወዲያው አዲስ ቱታ። "እኔ እኮ ሰባተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት እንጂ ዓይኔ አልቆመም፣ ጋሽ ሰሎሞን።"

ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም አልኩ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ጥፋቱ አሁንም ወደ እሷ እንዲያዘነብል ያለ።

ጠይቄ ነበር አለች። በመጀመሪያው ቀን። አንዴ የጠየቀ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም፤ መናገር የሌላው ተራ ነው። እስከ ሐሙስ ይነግሩኛል ብላ ጠበቀች። ሐሙስ ዕረፍት ስሰጣት ተስፋ ቆረጠች። ሌሊቱን ከባሏ ጋር መከሩ፤ ባሏ ሠራተኛ ማኅበር እንሂድ አላት። እሷ ቆይ እስከ እሁድ አለችው።

ምስክርነቱን አልኩ። አውቀሽ ነው?

"የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ከመጨረሻዋ በቀር።" ጨርቁን ጨመቀችው፤ ውሃ አልነበረውም። "ለመጨረሻዋ ጌታን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ሰው ሲወቀስ ያመካኛል። ሲመሰገን ነው የሚያፍረው። እንዲያፍሩ ነው ያመሰገንኩዎት።"

ይቅርታ አልኳት። ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፤ የመጣልኝ ይቺ አንዲት ቃል ናት።

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፣ ይቅርም አላለችኝም። የልጄም እጅ ይንቀጠቀጥ ይሆን ወይ ብላ ጠየቀች። አላውቅም፣ መመርመር አለበት አልኩ። ሁላችሁም። እጇን ፊቷ ፊት ዘርግታ አየችው፤ እንደ ሌላ ሰው እጅ። ጣቶቿ እንደ ቅጠል ይርገፈገፉ ነበር። በርሜሉ መሃላችን።

ከዚያ ስለ ዳንኤል ረቂቅ ነገርኳት። መሳቢያውን ከፍቼ አሳየኋት። ቀስ ብላ አነበበች፤ "በጥንቃቄ ጉድለት" የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። አጠገቡ ላስቲኩን አየች።

"ይሄን እዚህ ነው ያስቀመጡት? እርሳስዎ አጠገብ?"

አዎ አልኩ።

"አስተምረውኝ የለም እንዴ? ክዳን ያለው ነገር ውስጥ ይከተት።"

ከምሳ ዕቃ መደርደሪያዬ የለውዝ ቅቤ ጠርሙስ አመጣሁ፤ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ላስቲኩን በጓንት አስገብቼ ዘጋሁት። እሷ ስታዝ፣ እኔ ስሠራ። መሆን የነበረበት ይህ ነበር፣ ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ።

ስትወጣ በሩ ላይ ዞረች። ይቅርታውን አልከለክልዎትም አለች፤ እሱን ቀስ ብለን በጸሎት እንጨርሰዋለን። ደብዳቤውን ግን በማኅተም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2፡30

ደብዳቤ። አራተኛው ረቂቅ። የመጀመሪያው ሦስት ገጽ ነበር፤ ስለ ልማድ፣ ስለ ላስቲክ፣ ስለ ሰው ልጅ። ቀደድኩት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ከራሴ ይልቅ ኮሚቴው በዛ።

አራተኛው አንድ ገጽ ነው። ፊልትሮውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ላስቲኩ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛዋ ፊቷ ላይ አየር እንደሚመጣ ስትነግረኝ የአዲስ ዕቃ ጠረን ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ካወቅሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ወ/ሮ አስቴርና ልጆቿ በመ/ቤቱ ወጪ ይመርመሩ፤ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ ይመዝገብ። እኔ ከኃላፊነቴ ተነሥቼ ጉዳዩ ይጣራ።

3፡15

አስቴር መጥታ አነበበችው። ቆማ። ሁለቴ። አንድ ነገር ጎድሏል አለች።

ምን?

"ጠይቄ ነበር የሚለው ይግባ።"

አስገባሁት። "ሠራተኛዋ በመጀመሪያው ቀን፣ ላስቲኩ አይወልቅም ወይ ብላ ጠይቃለች።" አንብቤ አሰማኋት። አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት አለች። ከታች ጨመርኩ፦ አባሪ፣ ላስቲክ፣ 1 (አንድ)፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ።

3፡30

ፈረምኩ። የዳንኤልን ረቂቅ ሳልፈርም በፖስታ መለስኩለት። አሁን ስልኬ እየጮኸ ነው፤ እሱ ነው። የሃያ ዓመት ወዳጅ። አላነሣሁም።

ማኅተሙ ዲኑ ቢሮ ነው፤ በእግር አምስት ደቂቃ። ብቻዬን እሄዳለሁ ብያት ነበር። እሷ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ ማኅተሙ ሲመታ በዓይኔ ካላየሁ አልመለስም ብላለች። ልክ ናት። እኔም ብሆን እኔን አላምነውም።

ጠርሙሱን ልያዝልዎት ብላ እጇን ዘረጋች። አይሆንም፣ ይሄን ከእንግዲህ አትነኪውም አልኳት። ደብዳቤውን ሰጠኋት። ወረቀቱ በእጇ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ይሰማል። ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆነን ልንሄድ ነው።